የወርቅ ኢዮቤልዩ ወቀሳ

ግንቦት 1894 እ.ኤ.አ.፣ ፊላዴልፊያ። የአሜሪካ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ሐኪሞች የማኅበራቸውን 50ኛ ዓመት ያከብራሉ። የክብር ንግግሩን እንዲያደርግ የጋበዙት ስመ ጥሩውን የነርቭ ሐኪም ሳይላስ ዊር ሚቸልን ነው። እንዲህ ባለ ቀን ከእንግዳ የሚጠበቀው ምስጋናና ምርቃት ነበር። ሚቸል ግን አስቀድሞ ለሙያ ባልደረቦቹ ደብዳቤ ጽፎ ስለ ማቆያዎቹ የሚሉትን ሰብስቧል። ከሌላው ሕክምና ተነጥላችኋል፣ አጥር ውስጥ ተዘግታችሁ የሚተቻችሁ ሐኪም አጥታችኋል፣ ከእናንተ ዘንድ የወጣው ምርምርስ የታለ? እያለ ጋባዦቹን ፊት ለፊት ወቀሳቸው።

ንቀቱ ያን ቀን አልተጀመረም። በ1878 የኒውዮርኩ ወጣት የነርቭ ሐኪም ኤድዋርድ ስፒትዝካ፣ የማቆያ ኃላፊዎች በአትክልት ሥራ፣ በጣሪያ ክዳን፣ በቧንቧ ዝርጋታ የተካኑ ናቸው፤ የማያውቁት እብደትን መርምሮ ማከም ብቻ ነው ሲል አላገጠባቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን የገደለው ቻርልስ ጊቶ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ስፒትዝካ ሰውየው እብድ ነው ብሎ መሰከረ። የዩቲካ ማቆያ ኃላፊ ጆን ግሬይ ደግሞ ጤነኛ ነው አለ። ዳኞቹ ግሬይን ሰሙ፤ ጊቶም በሰኔ 1882 ተሰቀለ።

የስፒትዝካ ፌዝ ያለ ምክንያት አልነበረም። ማኅበሩን በ1844 የመሠረቱት 13 የማቆያ ኃላፊዎች ናቸው። ጠቅላላው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ሦስት ዓመት ዘግይቶ ተቋቋመ፤ ኋላ አብረን እንሁን ቢባሉም እንቢ ብለው ለብቻቸው ቀሩ። ከመካከላቸው ቶማስ ከርክብራይድ ሕንፃው ራሱ መድኃኒት ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ግድግዳው፣ ስለ አየር ማስገቢያው፣ ስለ ውሃው በዝርዝር ጽፏል። አንድ ማቆያም ከ250 ሕሙማን በላይ እንዳይዝ መክሯል።

ምክሩን የሰማ መንግሥት ግን ጥቂት ነው። ማቆያዎቹ በድሆች፣ ጧሪ ባጡ ሽማግሌዎች፣ የሚጥል በሽታ ባለባቸውና ቂጥኝ አንጎላቸው ውስጥ በገባ ሰዎች ተጨናነቁ። ሚቸል ሀብታም ደንበኞቹን በቀጠሮ ሲቀበል፣ የማቆያው ሐኪም ግን ፍርድ ቤት የላከውን ሁሉ መቀበል ግዴታው ነበር። እርሻውን፣ ወጥ ቤቱንና ምድጃውን የሚመራውም እሱ ነው፤ ለምርምር የሚተርፈው ጊዜ የቱ ነው? ደግሞስ የሚቸል የራሱ ዝነኛ ሕክምና ምን ነበር? ሴቶችን ለሳምንታት አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ ከቤተሰብ ለይቶ፣ ወተት በወተት ማድረግ! ከታካሚዎቹ አንዷ፣ ደራሲዋ ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን፣ ይህን ሕክምና የሚኮንን ዝነኛ አጭር ልቦለድ ያሳተመችው ንግግሩ ከመደረጉ ሁለት ዓመት አስቀድማ ነበር።

ያም ሆኖ ወቀሳው የተሰነዘረበት ጊዜ የለውጥ ጊዜ ነበር። በ1895 ስዊዘርላንዳዊው አዶልፍ ማየር ማሳቹሴትስ ውስጥ ወዳለው የዎስተር ማቆያ መጥቶ፣ የእያንዳንዱ ሕመምተኛ ታሪክ በሥርዓት እንዲመዘገብ አደረገ። በ1913 ደግሞ ሂዴዮ ኖጉቺና ጄ. ደብሊው ሙር፣ ጄኔራል ፓሬሲስ በሚባለው በሽታ በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ የቂጥኝን ተሕዋስ አገኙ። ይህ በሽታ መጀመሪያ ሰውን ያስታብያል፤ ኋላም ሽባ አድርጎ ይገድላል፤ ማቆያዎቹም በሕሙማኑ የተሞሉ ነበሩ። የቪየናው የአእምሮ ሐኪም ዩሊዩስ ቫግነር-ያውሬግ በ1917 እነዚህን ሕሙማን የወባ በሽተኛ ደም እየወጋ በትኩሳት ማከም ጀመረ። በ1927 ኖቤል ተሸለመ፤ ከአእምሮ ሐኪሞችም የመጀመሪያው ሆነ።

ክብሩ ግን ብዙ አልቆየም። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ሲመጣ ቂጥኝ ወደ ጄኔራል ፓሬሲስ ሳይደርስ መዳን ጀመረና በሽታው ከአእምሮ ሐኪም እጅ ወጣ። የሚጥል በሽታም መንገዱ ይኸው ሆነ፤ የአንጎል ኤሌክትሪክ መለካት ሲቻል ወደ ነርቭ ሐኪሞች ሄደ። መንስኤው የታወቀ በሽታ ሁሉ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር፣ መንስኤው ያልተገኘው ብቻ የሚቀርለት ሙያ በባልደረቦቹ ዘንድ ምንም የማያድን መስሎ ቢታይ አይገርምም።

ሚቸል በ1914 አረፈ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1934፣ የነርቭና የአእምሮ ሐኪሞችን ብቃት የሚመሰክር አንድ የጋራ ቦርድ አሜሪካ ውስጥ ተቋቋመ፤ ሁለቱም ወገኖች እስከ ዛሬ የስፔሻሊስትነት ምስክር ወረቀት የሚቀበሉት ከዚሁ ቦርድ ነው።