የኩማሊ ከሰልና የጠፈር ጨረር

ከቦንጋ እስከ ደካ ባለው የከፋ ደን ውስጥ የኖረው ሕዝብ የነገሥታቱን ትውልድ ከአባት ወደ ልጅ በቃል እያስተላለፈ ያቆየ ስለ ሆነ፣ ወደዚያ አገር የሚመጣ ታሪክ ጸሐፊ አስቀድሞ የሚቸገረው በሐሳበ ዘመን ነው። ንጉሡ ታቶ ጋኪ ሻሮቾ በ1897 እ.ኤ.አ. ተማርከው የከፋ መንግሥት ካበቃ በኋላ፣ የቪየናው ሰው ፍሪድሪሽ ቢበር በ1905 ወደ አገሩ ገብቶ ያየውንና የሰማውን በሁለት ቅጽ ጽፎ አቆየልን፤ ሆኖም የአፍ ቃል ከነገሥታቱ ዘመን አልፎ በዋሻ ስለ ኖሩት ጥንታውያን የሚመሰክረው እጅግ ጥቂት ነው።

የዚህን ጉድለት መድኃኒት ያስገኘው ነገር ደግሞ በቪየና የሬዲየም ምርምር ተቋም ይሠራ በነበረው በቪክቶር ሄስ ተገለጠ። ሄስ ኦገስት 7 ቀን 1912 በሃይድሮጅን ፊኛ ተሳፍሮ እስከ 5,350 ሜትር ሲወጣ፣ በያዛቸው መለኪያዎች ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ክሮች ጨረር አየሩን በነካ መጠን የኤሌክትሪክ ሙላታቸው እየፈሰሰ ሲቀራረቡ ይመለከት ነበር፤ ጨረሩ ከምድር ብቻ የሚወጣ ቢሆን ከፍ ባሉ ቁጥር ሊያንስ ሲገባው እየበዛ ሄደ፤ ስለዚህም ከሰማየ ሰማያት የሚወርድ መሆኑ ታወቀ፤ ሄስም በ1936 የኖቤል ሽልማትን ተቀበለ።

ይህ የጠፈር ጨረር በአየር ያለውን ናይትሮጅን ወደ ካርቦን 14 ይለውጠዋል፤ ዛፉ በሕይወት ሳለ ይህን ካርቦን ይመገባል፤ ከሞተ በኋላ ግን በየ5,730 ዓመቱ በእኩሌታ እየጎደለ ይሄዳል። ኤሊዛቤት ሂልደብራንድና ስቲቨን ብራንት ከባልደረቦቻቸው ጋር በከፋ ውስጥ ኩማሊ የተባለውን የዐለት መጠለያ ቆፍረው ውጤቱን በ2010 ባሳተሙ ጊዜ፣ በዚያ ከተገኘው ከሰል መጽሐፍ ያልደረሰበት ዘመን ቍጥር አገኘ። ይሁን እንጂ ወደ አፈሩ የዘለቀ አዲስ ሥር ከሰሉን ወጣት ሊያስመስለው ስለሚችል፣ ሊቃውንቱ ሥሩን ሳይለቅሙና ናሙናውን በአሲድና በአልካሊ ሳያጥቡ ምስክርነቱን አይቀበሉም።

ይህንኑ ጥንቃቄ የሰማይ መርማሪዎችም ይዘውታል። ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1933 ኮማ በተባለው የጋላክሲዎች ክምችት የሚገኙት ጋላክሲዎች ከሚታየው ቁስ የስበት ኃይል በላይ መፍጠናቸውን ካስተዋለ ወዲህ፣ ከሚታየው ቁስ አምስት እጥፍ ያህል የሚሆን ጽልመታዊ ቁስ በዓለማት መካከል መኖሩ ይታመናል። ይህ ቁስ ዘላለማዊ ካልሆነና በዝግታ የሚፈራርስ ከሆነ፣ ፍርስራሹ ጋማ ጨረርና ፖዚትሮን (የኤሌክትሮን ፀረ ቅንጣት) ሆኖ ከጠፈር ጨረር ጋር ተቀላቅሎ ሊደርሰን ይገባል፤ ስለዚህም በሄስ ስም የተጠራው የናሚቢያ መመልከቻ ከ2002፣ ፌርሚ የተባለችው ሳተላይት ከ2008 ጀምሮ ይጠባበቁታል። ፓሜላ የተባለው መሣሪያ ከተጠበቀው በላይ ፖዚትሮን መገኘቱን ባስታወቀ ጊዜ፣ የናፈቁት ምልክት ደረሰ ያሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ፑልሳር የሚባሉት የሞቱ ከዋክብት ያንኑ ሊያመነጩ ስለሚችሉና ጋማ ጨረሩም ስላላገዘ፣ ነገሩ ሳይጸና ቀረ።

እስካሁን የታጣውም ምልክት ቢሆን ከንቱ አልሆነም፤ ቁሱ ቢፈራርስ እንኳ በተመረመሩት በብዙዎቹ መላምቶች ዕድሜው ከዓለም ዕድሜ በመቶ ሚሊዮን እጥፍ እንደሚበልጥ ወስኗልና። ስለ ከፋ ጥንታዊነት የሚጽፍም ሰው የሚያውቀውን የስሕተት ምንጭ አስቀድሞ ቢቀንስ፣ ቀሪው ጥቂት ቢሆንም የታመነ ይሆንለታል።