ከሳጉሬ ቁልቁል፦ በደንበል ሐይቅ የተጠበቀ ቅንዓት

ሳጉሬ ላይ የዘነበ ዝናብ ውሎ አድሮ ደሴት ዳር ይደርሳል። ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች የገብስና የስንዴ ከተማ፣ ከጭላሎና ከገላማ ተራሮች የሚወርዱ ጅረቶች ከሚያጠጧቸው የደጋ አገሮች አንዷ ናት። ጅረቶቹ ከታር ወንዝን ያበዙታል፤ ከታርም ቆላ ወርዶ ደንበል ይገባል፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ዝዋይ የሚለው ሐይቅ ማለት ነው። ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲና እና ገሊላ። ለእግዚአብሔር መቅናት በአርሲ ምድር ምን መልክ እንደነበረው የሚፈልግ ሰው ውኃውን ተከትሎ ቢወርድ ይሻለዋል።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። ሚስቱን የሚጠረጥር ባል ቀናተኛ ይባላል፤ በጎረቤቱ በሬ ዓይኑ የሚቀላም ቀናተኛ ነው፤ ለሃይማኖቱ የሚቆረቆር ደግሞ ቀናኢ። ሦስቱም ከአንድ የግዕዝ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔርን ራሱን ቀናተኛ ይለዋል፤ ሕዝቡን ከጣዖት ጋር አይጋራምና። ነቢዩ ኤልያስም የበኣልን ነቢያት ካስገደለ በኋላ ኮሬብ ላይ ቆሞ የተናገረው ስለ ቅንዓቱ ነበር። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ፍቅርና ሰይፍ ከአንድ ቃል ሲወጡ የቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት ይከብዳል።

በኢትዮጵያ ታሪክ ይህ መደባለቅ ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ይልቅ ጎልቶ የታየበት ጊዜ ማግኘት ያስቸግራል። ንጉሡ ክርስቲያን ሁሉ የሥላሴን ስም በግንባሩ፣ ዲያብሎስን የመካዱን ቃል በክንዱ ላይ እንዲጽፍ አዘዘ። ለመስቀልና ለእመቤታችን አንሰግድም፣ ለንጉሥም አንንበረከክም ያሉትን፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት አሳደደ፣ አስገደለም። የራሱ ልጆች እንኳ ጣዖት አመለኩ ተብለው ተከሰው ተቀጡ፤ ከመካከላቸው የሞቱም ነበሩ። ክሱን ያቀረቡት ባለሟሎች ግን የኋላ ኋላ ራሳቸው ተወንጅለው ወደቁ። የመንበሩ ቅንዓት ለተራው ምቀኛ በር መክፈቱን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ወደ ሐይቁ እንመለስ። የቱሉ ጉዶ ሰዎች፣ ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ተሰደዱ፤ ታቦቷም ሰባ ዓመት ያህል በደሴቱ ከቆየች በኋላ ወደ አክሱም ተመለሰች ብለው ይተርካሉ። በኦሮምኛ ትልቅ ተራራ ማለት የሆነው ደሴት ደብረ ጽዮን መባሉም ከዚሁ ትውፊት ጋር የተያያዘ ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች ለትረካው የጽሑፍ ማስረጃ አላገኙም። የደሴቶቹን የክርስትና ሥር ይበልጥ የሚያጠብቀው የመካከለኛው ዘመን ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን አፄ ዓምደ ጽዮንን በትዳሩ ምክንያት የገሠጹ መነኮሳት ተገርፈው ተግዘዋል፤ የግዞቱም መንገድ ወደ ደቡብ ዳርቻ ደርሷል። ለንጉሥ ከመታመን ለእግዚአብሔር መታመንን የመረጡ ሰዎች ሐይቅ ዳር ወንበር ቢዘረጉ አያስደንቅም።

ከዚያ 16ኛው መቶ ዘመን መጣ። በ1529 እ.ኤ.አ. ሽምብራ ኩሬ ላይ የንጉሡ ጦር ተሸነፈ፤ የኢማም አሕመድ ዘመቻ የደቡቡን ክርስቲያን አውራጃዎች ጠራረጋቸው፤ ጥቂት ቆይቶም ኦሮሞ በሰፊው ምድር ላይ ተዘረጋ። በደሴቶቹ የሚኖሩት ዛይ የሚባሉት ሰዎች ከመንግሥቱም ከጳጳሱም ተቆረጡ። ከሐረሪና ከስልጤ የሚቀራረብ የሴም ቋንቋ እየተናገሩ፣ ዓሣ እያጠመዱ፣ ቋጥኙን በእርከን እየደለደሉ እያረሱ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በመሐል ውኃ ኖሩ።

ይህን ዘመን እንደ ከበባ ብቻ የሚስል ሰው ይሳሳታል። በቀላል እንጨት ጀልባ ወደ ዳር እየተሻገሩ ከአርሲ ኦሮሞ ጋር ይገበያዩ ነበር፤ ቋንቋውን ያውቁ ነበር፤ የባሕሩ ዳር ጎረቤቶቻቸውም ላቂ ብለው ይጠሯቸው ነበር። ማንም መጥቶ ሃይማኖታቸውን በግንባራቸው እንዲጽፉ አልጠየቃቸውም፤ እነሱም ማንንም አልጠየቁም። የጠበቁት ነገር ታቦት፣ ጾም፣ በዓል እና የብራና መጽሐፍ ነበር። ስንክሳርና ገድለ ሰማዕታትን የመሰሉ ግዙፍ መጻሕፍት ከአባት ወደ ልጅ ተላለፉ። አንባቢ ሲጠፋ እንኳ መጽሐፉ አልተጣለም። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው እንደሚያየው፣ ከሁሉ የሚደንቀው ይኸው ነው፤ ማንበብ ለማይችሉት መጽሐፍ መቅናት።

በ1886 እ.ኤ.አ. የምኒልክ ጦር አርሲን ያዘ። አርሲዎች ከ1882 ጀምረው አራት ዓመት ተዋግተዋል፤ የዘመቻው ዋና መሪ የንጉሡ አጎት ራስ ዳርጌ ነበሩ፤ የመጨረሻው ትልቅ ውጊያም አዙሌ ላይ ሆነ። ሐይቁ ዳር የደረሰው ጦር መሐል ውኃ ላይ ክርስቲያኖችንና መጻሕፍቶቻቸውን አገኘ። ለምኒልክ ሰዎች ይህ የጠፋ ወንድም እንደማግኘት ነበር። ለዛይ ሰዎችም በሩ ተከፈተ፤ ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ ደሴቱን ትተው ወደ ዳር ወጡ።

በደጋው ላይ ግን ያው ዓመት ሌላ ትርጉም ነበረው። ከሳጉሬና ከአሰላ ጀምሮ በየከፍታው የተተከለው ቤተ ክርስቲያን ከሠፋሪው፣ ከጠመንጃውና ከገባሩ ሥርዓት ጋር ተያይዞ መጣ። ለአርሲ ገበሬ መስቀሉና የመሬቱ ግብር በአንድ እጅ የተያዙ መሰለው። በዚያው መቶ ዓመት ማብቂያና በቀጣዩ መቶ ዓመት መጀመሪያ እስልምና በአርሲ በሰፊው መስፋፋቱን ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ ቅሬታ ጋር ያያይዙታል። ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ በባሌ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚደረገው መንፈሳዊ ጉዞ ከዚያ እጅግ በፊት የተጀመረ ነው። ሆኖም የደጋው ታሪክ አንድ ነገር ያሳያል፤ በጦር የመጣ እምነት የሚያስገኘው መገዛት ታማኝነት አይባልም። በሐይቁ ላይ ንጉሥ ሳይኖር ሃይማኖት ቆየ፤ በደጋው ላይ ንጉሡ መጥቶ ሌላ ሃይማኖት ጠነከረ።

በ20ኛው መቶ ዘመን ሐይቁ እንደገና ስሙ ተነሣ። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በደርግ ዘመን፣ ሃይማኖት በይፋ በሚናቅበት ጊዜ፣ ዝዋይ ላይ የካህናት ማሠልጠኛ አቋቁመው በክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። ከደቀ መዛሙርቶቻቸው መካከል የነበሩ ወጣቶች በ1984 ዓ.ም. ከተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን ጋር ስማቸው ይነሣል። ጦር አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ጥቁር ሰሌዳና የክረምት ዕረፍት ነው።

ዛሬ ከአሰላ በኦጎልቾ በኩል ወደ ባቱ፣ ማለትም ወደ ዝዋይ ከተማ፣ የሚወስደው መንገድ ሐይቁ ዳር ያደርሳል። በኅዳር 21 የጽዮን በዓል ምእመናን በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ይሻገራሉ። የሳጉሬ ሰው ሆነው ለመሄድ ካሰቡ፣ ብራናዎቹን አሳዩኝ ከማለትዎ በፊት ሽማግሌዎቹን ጠጋ ብለው አያቶቻቸው እንዴት እንዳቆዩዋቸው ይጠይቁ።