ጎርፍና አጥር

«ሰፈር» ከሠራዊት ጋር የመጣ ቃል ነው። መኳንንቱ ከነጭፍራው ድንኳን ተክሎ ያረፈበት ቦታ ሰፈሩ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ሙሉጌታ ሰፈር እያልን የምንጠራው የዚያው ትራፊ ነው። የቆቦ ዳር ሰፈሮች ግን የመኳንንት ድንኳን ውላጅ አይደሉም። እነሱን ያሳደጋቸው ጣሊያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) በደሴና በወልድያ በኩል ወደ ሰሜን የዘረጋው መንገድ ነው። መንገድ ሻይ ቤት ያመጣል፤ ሻይ ቤት ተከራይ ይጠራል፤ ተከራዩ ውሎ አድሮ ቤት ይሠራል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት ካደረገው ወዲህ ደግሞ «የእኔ» የሚባለው ቤቱና አጥሩ ብቻ ሆነ። ሰዉም አጥሩን አጠበቀ።

ችግሩ፣ ያ ሁሉ አጥር የቆመው የማሽላ ማሳ በነበረ መሬት ላይ ነው። የራያ ቆላ ዝናቡ አያስተማምንም። ገበሬው ዓይኑን የሚጥለው ከምዕራቡ ተራራ በሚወርደው ጎርፍ ላይ ነው። ጎሊና ወይም ሆርማት ሲሞላ፣ በአፈርና በጭራሮ ገድቦ ወደ ማሳው ይጠልፈዋል። ውሃው ደለሉን ይዞ ይገባል፤ መሬቱ ይጠግባል። ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚያጠጣ ደንብ አለው፤ ሲጣሉም ዳኛ አለ። ቦዩ የሚጠረገው በጋራ ነው፤ ላይኛው ካልጠረገ ታችኛው ይራባል።

አንድ ክረምት እዚያው ዳር ሰፈር አንድ አዛውንት ቤት ቡና እየጠጣሁ ነበር። ማሳቸው ከተማ ከሆነባቸው ሰዎች አንዱ ናቸው። ሌሊት የወረደው ጎርፍ በአዲስ የብሎኬት አጥር ተመልሶ ጎረቤት ጓዳ ገብቶ ኖሮ ውጭ ጭቅጭቅ ነው።

«ይሄውልህ ልጄ» አሉኝ፤ «ድሮ ውሃው ወደ እኔ ይምጣ ብለን እንጣላ ነበር። ዘንድሮ ወደ አንተ ይሂድ ብለን ተጣላን።»

ድሮ ገነት ነበር አላሉም። ጠብማ ያኔም ነበር። ያኔ ግን ጠበኞቹ አንድ ቦይ ነበራቸው፤ በነጋታው አካፋ ይዘው እዚያው ይገናኛሉ። ዛሬ ያላቸው ሁለት አጥር ነው። ማዘጋጃ ቤት ቦይ ሊያስቆፍር ይችላል፤ ግን ካልተጠረገ በዓመቱ ደለል ይውጠዋል። እድራችን ለሞተው ድንኳን ለመትከል ማንም አይቀድመውም። በዓመት አንድ ቀን ለቁሙ ጎረቤት አካፋ ቢያነሳ ምን ይለዋል?