የስሜን ልጆች በሰው አገር መጻሕፍት

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደረስጌ ላይ ያሠሯት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ለራሳቸው ንግሥ የታሰበች ነበረች። በሥራዋ የዕፅዋት ተመራማሪው ሺምፐርና የአገሩ ልጅ ኤድዋርድ ዛንደር፣ ሁለቱም ጀርመናውያን፣ እጃቸው አለበት። የካቲት 1847 ዓ.ም. ግን ውቤ እዚያው ደረስጌ አጠገብ በጦርነት ድል ሆኑና ታሰሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ አቡነ ሰላማ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን አሸናፊውን ካሣ ኃይሉን ቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ አሰኟቸው። ውቤ ለራሳቸው ያዘጋጁት የንግሥ ቦታ ለጠላታቸው ሆነ። ቆይቶም የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ ያንኑ ያሰራቸውን ንጉሥ አገባች፤ ልዑል ዓለማየሁም ተወለደ።

ይህን ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነገረ ሰው «እሺ፣ ከዚያስ?» መባሉ አይቀርም። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ታሪክን የሚፈልገው እንዲህ አድርጎ ነው፤ የቀጠለውን ሳያውቅ አይተኛም።

አዲ አርቃይ ውቤ ይገዙት በነበረው አገር ያለች ከተማ ናት። ከደባርቅ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ዛሪማን አልፎ ወደ ተከዜ የሚያቀና መንገደኛ ያገኛታል። ጣሊያን የመኪና መንገድ ከመጥረጉ ከመቶ ስልሳ ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ጎንደር ሲያቀና የወጣው ይህንኑ አቀበት ነው። በአቅራቢያዋ የዋልድባ ገዳም አለ። በ2013ና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ይህንን ወረዳ አልማረውም፤ ልጆቿም ከትምህርት ርቀው ከርመዋል።

በስሜን ተራሮችና በጎንደር ቤተ መንግሥት ዙሪያ ስለኖሩ ልጆች የሚተርኩ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ላሉ አንባቢዎች የተዘጋጁ የታሪክ ልቦለዶች አሉ። የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ መጀመሪያ የታሰቡትም ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ልጆች ነው። ጸሐፊዎቹን ልወቅስ አይደለም የተነሣሁት፤ አገራችንን ወደው የጻፉ ሰዎች ናቸው። የሚቆጨኝ እነሱ ያዩትን እኛ አጠገቡ ሆነን አለመጨበጣችን ነው።

የዓለማየሁን እናስቀድም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ልጁ ሰባት ዓመቱ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ሲመለስ እሱንና እናቱን ይዞ ተጓዘ። እናቱ ጥሩወርቅ ግን መንገድ ላይ ታማ ትግራይ ውስጥ አረፈች፤ ጨለቆትም ተቀበረች። ከዚያ በኋላ ልጁን ይዞት የሄደው አማርኛ የሚችለው ሻምበል ስፒዲ ነው። እንግሊዝ አገር ንግሥት ቪክቶሪያ አየችው፤ ወደደችውም። ራግቢ ትምህርት ቤት ገባ፤ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤትም ተላከ፤ አንዱም አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1879 ሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንዘር በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። አጽሙ ወደ አገሩ ይመለስ ተብሎ ተጠይቋል፤ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. አልተቀበለውም። በእናቱ በኩል የስሜን ልጅ ነው፤ የውቤ የልጅ ልጅ።

ኤልሳቤጥ ሌርድ የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ አስተምራለች። ከዓመታት በኋላም በብሪቲሽ ካውንስል በኩል ተመልሳ ክልል ከክልል እየዞረች ተረት ሰብስባለች። እ.ኤ.አ. በ2012 «ከአንበሶች ጋር የተራመደው ልዑል» የሚል ልቦለድ አሳተመች። ባለ ታሪኩ ዓለማየሁ ነው፤ አንባቢዎቹ ደግሞ የሱን ዕድሜ የሚያክሉ የእንግሊዝ ልጆች ናቸው። የልዑሉን ብቸኝነት ያ አገር በልጆች መጽሐፍ እያነበበው ነው።

ሁለተኛዋ ሳባ ናት፤ እሷ ልቦለድ የፈጠራት ልጅ ነች። እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመውና በአሻንጉሊቶቹ የሚታወቀው የአሜሪካ ድርጅት «የብዙ አገር ልጃገረዶች» የሚል ተከታታይ አውጥቶ ነበር፤ ስምንት መጻሕፍት ናቸው። አንዷ ልጅ በ1592 እንግሊዝ፣ ሌላዋ በ1720 ቱርክ፣ ሌላዋ በ1857 ቻይና፣ ሌላዋ በ1939 ሕንድ ትኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመችው ሳባ ደግሞ በ1846 ጎንደር ነው የምትኖረው፤ በእኛ አቆጣጠር 1838 ዓ.ም. አካባቢ መሆኑ ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ወላጅ የላትም። እሷና ወንድሟ ወደ ቤተ መንግሥት ይወሰዱና ንጉሡ ሥልጣኑን ለማጽናት ሊጠቀምባቸው እንዳሰበ ይደርሱበታል።

ደራሲዋ ጄን ከርትዝ ዘመኑን በብልሃት ነው የመረጠችው። በዚያ ጊዜ ጎንደር ያለው ንጉሠ ነገሥት በስም ብቻ የሚነግሥ ሆኗል፤ ሥልጣኑ ደብረ ታቦር በተቀመጡት በራስ አሊና በእናታቸው በእቴጌ መነን እጅ ነው። ስሜንንና ትግራይን ውቤ ይዘዋል። የቋራው ካሣ ገና ሽፍታ ነው፤ ግን በዓመቱ፣ በ1839 ዓ.ም.፣ ጎንደርን ይይዛል፤ እቴጌ መነንንም ይማርካል። ሁሉም ሊገለበጥ አንድ ዓመት ሲቀረው ልጅን እዚያ ግቢ ውስጥ ማስገባት የአዋቂ ታሪክ ጸሐፊም የሚመኘው ነው። ከርትዝ አገሩን ታውቀዋለች፤ በሁለት ዓመቷ ከሚሲዮናውያን ወላጆቿ ጋር መጥታ ማጂ ነው ያደገችው። ከዚያ በፊትም፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ከጎንደር አካባቢ ወደ ሱዳን ስለሚሰደዱ ሁለት ልጃገረዶች ጽፋለች፤ አንዷ ቅማንት፣ አንዷ ዐይነ ስውር ቤተ እስራኤላዊት ናቸው። እርስ በርስ እንዲፈራሩ ሆነው ያደጉ ልጆች መንገድ ላይ እንዴት እጅ ለእጅ እንደሚያያዙ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። ይህንን ርእስ ለልጆች ደፍሮ ማቅረብ ቀላል አይደለም፤ እኔ አከብራታለሁ።

ይሁንና ለውጭ ልጅ የሚጻፍ መጽሐፍ ድካሙ ሌላ ነው። እንጀራ ምን እንደሆነ ማስረዳት፣ ነጠላ እንዴት እንደሚለበስ መግለጽ፣ ጾሙን ማብራራት ይኖርበታል። የአዲ አርቃይ ልጅ ይህን ሁሉ ከቤቱ ይዞት መጥቷል። ለሱ የሚጽፍ ሰው በቀጥታ ነገሩ ውስጥ መግባት ይችላል።

ለሱ የሚጻፈው አንድ መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ተከታታይ ቢሆን እላለሁ። ለምን በተከታታይ? በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ፊደል ከለየ ቆይቷል፤ የሚቀረው ሳይደክም ብዙ ማንበብ ነው። አንዱን መጽሐፍ ሲጨርስ ሁለተኛው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ያውቃቸዋል፤ አገሩን ያውቀዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ገጽ ይሮጣል። ለአሜሪካ አሳታሚዎች ይህ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ገብቷቸዋል፤ የሃርዲ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1927፣ ናንሲ ድሩ በ1930 ጀመሩ። በእንግሊዝ የኢኒድ ብላይተን አምስቱ ጓደኛሞች በ21 መጻሕፍት ዘልቀዋል። ከሁሉ የምወደው ግን ሜሪ ፖፕ ኦዝቦርን እ.ኤ.አ. በ1992 የጀመረችው ነው። ወንድምና እህት በአስማታዊ የዛፍ ቤት ወደ ጥንት ዘመን ይሄዳሉ፤ ለብዙዎቹ ልቦለዶችም እውነተኛውን ነገር የሚያስረዳ ጥንድ መጽሐፍ ታትሟል። ልጁ ልቦለዱን አንብቦ «ይህ በእርግጥ ሆኗል?» ሲል መልሱ መደርደሪያው ላይ ይጠብቀዋል።

በደረጃ ማንበብ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወደ ወንጌል፣ በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይወጣል። ንባቡም ራሱ ደረጃ አለው፤ ግዕዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ። ዳዊት የደገመ ልጅ ያለበት ቤት ይደሰታል። በዘመናዊው ትምህርት ደግሞ ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»ን በሦስት መጽሐፍ አውጥተው ትውልድ አስነብበዋል። በ«ታላላቅ ሰዎች» ደግሞ የእውነተኛ ሰዎችን ሕይወት ለወጣቱ አቅርበዋል። ተረቱንና እውነተኛውን ታሪክ ጎን ለጎን ማስኬድ በእኛም ቋንቋ ተሠርቷል ማለት ነው፤ ያውም በከፍተኛ አማርኛ።

ከዚያ ወዲህ ምንም አልተሠራም አልልም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ከከርትዝ ጋር ሆኖ በመሠረተው ድርጅት በኩል በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍቷል፤ ሐዋሳም በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት ልጆቹ ያሉበት ድረስ ሄዷል። ለጀማሪ አንባቢዎች በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ከእንግሊዝኛ ጋር የታተሙ በርካታ ቀጫጭን መጻሕፍት ወጥተዋል። ሳስበው የሚከፋኝ ከእነዚያ ቀጫጭን መጻሕፍት በላይ፣ ከአዋቂ ልቦለድ በታች ያለው ባዶ ቦታ ነው። የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጅ ያለው እዚያ ነው።

ለዚያ ቦታ የሚሆን ነገር ደግሞ ከአዲ አርቃይ እስከ ጎንደር ዙሪያ ሞልቷል። ካሣ ልጅ ሳለ ይማርበት የነበረው ገዳም በወታደሮች ተጠቅቶ ሕፃናቱ ሲፈጁ እሱ ካመለጡት አንዱ እንደነበር ይነገራል፤ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ይወጣዋል። ብሩስ ሻንጣና መሣሪያ አስጭኖ ሊማሊሞን ሲወጣ በቅሎ የሚነዳ የአገሬው ልጅ ፈጥሮ ጎንደር ድረስ መከተል ይቻላል። የደረስጌ ንግሥ ሦስተኛ፣ የዓለማየሁ መንገድ አራተኛ ይሆናል። ለእያንዳንዱ የእውነት ጥንድ ይኖረዋል። የዋልድባ መነኮሳት እህል ስለማይበሉ ቋርፍ እንዴት ያዘጋጃሉ? ጭላዳ ዝንጀሮ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ለብቻው ሣር ግጦ እንዴት ይኖራል? ዋልያ ለምን ከስሜን ሌላ የትም አይገኝም? ዩኔስኮ የስሜንን ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች አንዱ አድርጎ ሲመዘግብ ምን አይቶ ነው? የአካባቢው ልጅ ግማሹን መልስ ከአያቱ ሰምቷል፤ ቀሪውን መጽሐፉ ይሞላለታል።

ይህን ለመጀመር የሚበቃ ሰው ጎንደር ውስጥ አለ፤ ዩኒቨርሲቲውም የመምህራን ኮሌጁም እዚያው ናቸው፤ የታሪክና የአማርኛ መምህራን አሏቸው። አንዱ ታሪኩን፣ አንዱ ቋንቋውን፣ አንዱ ሥዕሉን ይዞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥንዶች ቢሠሩ ለአንድ ዓመት ሥራ ይበቃል። ረቂቁ ግን ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ሊማሊሞን ይውረድ። አዲ አርቃይ አንድ አምስተኛ ክፍል ገብተው ድምፅ ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው፤ ልጆቹ ያዛጉበትን ገጽ ይሰርዙ፤ «ከዚያስ?» ያሉበትን ያስፉት።