ስለ እንፋሎት ጎታች ጀልባዎችና ስለ ታይን ወንዝ ሠራተኞች

በዚህ አጭር ጥናት ለመመልከት ያሰብነው፥ በወደብና በባሕር ዳርቻ ሌሎችን መርከቦች በገመድ እየጎተተች የምትሠራው ትንሽ ጀልባ እንዴት እንደ ተነሣችና በአካባቢዋ የነበሩትን ሠራተኞች ኑሮ እንዴት እንደ ለወጠች ነው። ስለ ታላላቅ መርከቦች የተጻፈው ብዙ ነው፤ ታላቁ መርከብ ወደብ የሚገባውና የሚወጣው ብዙ ጊዜ በሌላ ጉልበት እየተሳበ መሆኑን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ለምሳሌ የመረጥነው በሰሜን እንግሊዝ አገር የሚገኘውን የታይንን ወንዝ ነው። በጽሑፋችን ውስጥ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ባለ ሸራ መርከብ በሰፊው ባሕር ላይ ጌታ ነው፤ በጠባብ ወንዝ አፍ ግን ምስኪን ነው። ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ሲነፍስ መውጣት አይችልም፤ ውሃው ሲጐድል ደግሞ አሸዋ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ መርከበኞች ነፋስ እስኪዞርላቸው ድረስ ቀናትን፥ አንዳንድ ጊዜም ሳምንታትን፥ ወደብ ውስጥ ቆመው ያሳልፉ ነበር። የቸኰለ እንደ ሆነ ቀዛፊዎች በትናንሽ ጀልባዎች ሆነው መርከቡን በገመድ ይስቡለታል። ይህን ችግር በእንፋሎት ለማቃለል ያሰበው ጆናታን ኸልስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1736 የባለቤትነት ፈቃድ አውጥቶ በማግሥቱ ዓመት አሳቡን በመጽሐፍ አሳትሞ ነበር፤ ነገር ግን የዘመኑ ሞተር ከባድና ደካማ ስለ ነበረ አሳቡ ከወረቀት አልወጣም።

አሳቡ በሥራ የታየው በስኮትላንድ አገር ነው። ዊልያም ሲሚንግተን የሠራት «ሻርሎት ደንዳስ» የምትባለው የእንፋሎት ጀልባ በመጋቢት ወር 1803 በፎርዝና ክላይድ ቦይ ላይ እያንዳንዳቸው 70 ቶን የሚሆኑ ሁለት ጀልባዎችን ጎትታ፥ ብርቱ ነፋስ ከፊት ለፊት እየመታት፥ 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ9 ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ጨረሰች። ሙከራው የተሳካ ነበር፤ ዳሩ ግን የቦዩ ባለቤቶች መንኰራኵርዋ የሚያስነሣው ሞገድ የቦዩን ዳርና ዳር ይንደዋል ብለው ፈሩ። ጀልባዎቹን ሊያሠራ ያሰበው የብሪጅዋተር መስፍንም በዚያው ወር ሞተ። ሻርሎት ደንዳስ ተጥላ ቀረች፤ ሲሚንግተንም በ1831 ለንደን ውስጥ በድህነት ሞተ። ፍርሀቱ ከንቱ ነበር ለማለት አንደፍርም፤ የአፈር ቦይ በእርግጥ በሞገድ ይፈርሳልና። ስሕተቱ መሣሪያው ለሌላ ውሃ የሚገባ መሆኑን አለመገንዘብ ይመስለናል።

ያ ሌላው ውሃ ታይን ነው። ከኒውካስል አካባቢ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል በባሕር ወደ ለንደን ይላክ ነበር። ወንዙ ጥልቀት ስላልነበረውና የኒውካስል ድልድይም ዝቅተኛ ስለ ነበረ፥ ታላላቆቹ መርከቦች ወደ ላይ ወጥተው ከሰሉን መጫን አይችሉም። በዚህ ምክንያት «ኪል» የሚባሉ ሰፋፊ ጀልባዎች እያንዳንዳቸው 21 ቶን ያህል ከሰል ጭነው ወደ ወንዙ አፍ ይወርዱና በአካፋ ወደ መርከቡ ይገለብጡ ነበር። በአንዱ ጀልባ ላይ ሦስት ሰዎችና አንድ ልጅ ይሠራሉ። እነዚህ ሠራተኞች ከከተማው ቅጥር ውጭ ሳንድጌት በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ፥ እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ ሰዎች ነበሩ። በ1701 ከደመወዛቸው ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ለሽማግሌዎቻቸውና ለመበለቶቻቸው የሠሩት መጠለያ ቤት ለዚህ ምስክር ነው። በራሳቸው ገንዘብ እንዲህ ያለ ቤት የሠሩ የቀን ሠራተኞች በዚያ ዘመን ብዙ አልነበሩም።

የእንፋሎት ጀልባ ወደ ታይን የመጣችው በ1814 ነው። በመጀመሪያ ሰው ለማመላለስ የተሠራች ስትሆን ትርፍዋ ግን አነስተኛ ሆነ። የጌትስሄዱ ጆሴፍ ፕራይስ ግን በ1818 ባለ ሸራ መርከቦችን በእንፋሎት እየጎተቱ ወደ ባሕር ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ከዚህ በኋላ የነፋስ ጥበቃ ነገር እየቀረ ሄደ፤ አንዱ የከሰል መርከብ በዓመት የሚያደርገውም ጉዞ ጨመረ።

አንዳንድ ሰዎች የኪል ሠራተኞችን እንጀራ ያሳጣቸው ይህ ጎታች ጀልባ ነው ይላሉ። እኛ ግን ይህ አስተያየት ችኰላ ያለበት ይመስለናል። ሠራተኞቹ በ1822 ዐሥር ሳምንት ያህል ሥራ አቁመው ወታደር እስኪመጣባቸው ድረስ ሲታገሉ፥ ዋናው አቤቱታቸው በእንፋሎት ጀልባ ላይ አልነበረም፤ ከሰሉን ከከፍተኛ ማራገፊያ ላይ በቀጥታ ወደ መርከቡ በሚያፈስሰው አሸንዳ ላይ ነበር እንጂ። አሸንዳው ባለበት ኪል አያስፈልግም፤ ኪል ካላስፈለገ ቀዛፊው አያስፈልግም። ሠራተኞቹም ተሸንፈው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ጎታች ጀልባ የበኩልዋን ያደረገችው ባዶውን መርከብ በማናቸውም ነፋስ እስከ አሸንዳው ሥር በማድረስዋ ነው። ቀጥሎም በ1850 የተቋቋመው የታይን ወንዝ አሻሻይ ኮሚሲዮን ወንዙን እየቈፈረ አጠለቀው፤ በ1876ም የሚዞረው ድልድይ ተከፍቶ መርከቦች ከኒውካስል በላይ መውጣት ቻሉ። በዚያን ጊዜ የኪል ነገር አበቃ። እንግዲህ ጥፋቱ የአንድ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የአሸንዳው፥ የጎታችዋ፥ የመቈፈሪያውና የድልድዩ ድምር ነው።

ስለ ጀልባዪቱ አሠራር ጥቂት እንናገር። የታይን ጎታች ጀልባ በቀኝና በግራዋ አንዳንድ የመቅዘፊያ መንኰራኵር ነበራት። በተሻሉት ላይ እያንዳንዱ መንኰራኵር የራሱ ሞተር ስላለው፥ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሲዞር ጀልባዪቱ በቆመችበት ስፍራ እንደ እንዝርት ትሽከረከራለች። ሌላው ዓለም በስተኋላ ወደሚዞረው ፕሮፔለር ሲዛወር የታይን ሰዎች መንኰራኵሩን ሳይተዉ የቆዩት ለዚህ ነው፤ ሞተሩ ከሰል ይፈጃል ቢባልም ከሰል በደጃቸው ርካሽ ነበረ። ካፒቴኑ በሁለቱ መንኰራኵሮች መካከል ባለው መተላለፊያ ላይ ዝናብና ብርድ እየመታው ቆሞ ያዛል። ከአደጋ ሁሉ የከፋውም ገመዱ ነው፤ የሚጎተተው መርከብ ጎታቹን ቀድሞ ገመዱ በጐን ከተወጠረ፥ ጀልባዪቱ በቅጽበት ትገለበጣለች። ገመዱን ፈጥኖ መልቀቅ ካልተቻለ ከታች ያለው እሳት ቈስቋሽ መውጫ አያገኝም።

ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ጀልባ ያላቸው ሰዎች ስለ ነበሩ ፉክክሩ ብርቱ ነበር። ደንበኛ ወደብ እስኪመጣ አይጠብቁም፤ ወደ ሰፊው ባሕር ወጥተው የሚመጣ ሸራ ይፈልጋሉ፤ ዋጋውንም በዚያው በማዕበል ላይ እየጮኹ ይከራከራሉ። ነገር ግን በእንፋሎት የሚሄዱ የጭነት መርከቦች ሲበዙ የሚጎተት ሸራ ጠፋ። በ1877 ዊልያም ፐርዲ በሰሜን ሺልድስ «መሴንጀር» በተባለችው ጎታች ጀልባ ላይ የዓሣ መረብ አስሮ የባሕሩን ወለል ጠረገ። ብዙዎች ባልንጀሮቹም ተከተሉት። ስለዚህ በመንጠቆ የሚያጠምዱ ድሆች ዓሣ አስጋሪዎች «መረቡ ገመዳችንን ይበጥሳል፥ ጫጩቱንም ይጨርሳል» እያሉ ጮኹ፤ በመረብ መጐተት ላይ የሚቀርበውም ክስ በመላ አገሪቱ ስለ በዛ መንግሥት በ1883 አጣሪ ኮሚሲዮን አቆመ። የኪል ሠራተኞች ያሰሙት ጩኸት በሌላ ሰዎች አፍ እንደ ገና ተሰማ ማለት ነው።

ስለ ምንጮቻችንም አንድ ነገር መናገር ይገባናል። ጎታች ጀልባን ለዓለም ያስተዋወቀው የሠዓሊው ተርነር ሥዕል ነው። በትራፋልጋር ጦርነት በ1805 የተዋጋችው «ቴሜሬር» በመስከረም 1838 በቴምዝ ወንዝ ላይ ወደ መፍረሻዋ ስትሳብ ያሳያል። ሥዕሉን ለታሪክ ማስረጃ ማድረግ ግን አይቻልም። በሥዕሉ ያለችው ጎታች አንዲት ናት፤ በእውነቱ «ሳምሶን»ና «ለንደን» የሚባሉ ሁለት ነበሩ። ሠዓሊው ምሰሶዎቹን በክብር አቁሟቸዋል፤ በእውነቱ መርከቢቱ ስትሳብ ምሰሶዎቹ አስቀድመው ተነቅለው ነበር። ነጭ መስላ የምትታየው አሮጌዪቱ መርከብ ታሳዝናለች፤ ጥቁርዋ ጎታች ግን ጭስና እሳት የምትተፋ ጨካኝ ትመስላለች። በዚያች ጥቁር ጀልባ ውስጥም ከሰል የሚያቀብል ሰው እንደ ነበረ ሥዕሉ አያሳስበንም።

በታይን ከተሠሩት ከእነዚህ ባለ መንኰራኵር ጀልባዎች አንዷ፥ በ1914 በደቡብ ሺልድስ የተሠራችው «ኤፕልተን ሆል»፥ ለከሰል ማዕድን ባለቤቶች ተሠርታ እስከ 1967 ድረስ መርከብ ስትጎትት ኖረች። ከዚያም ለብረቷ ልትሰባበር ከተዘጋጀች በኋላ አሜሪካውያን ገዝተው አደሱዋት፤ በ1969 ከእንግሊዝ ተነሥታ አትላንቲክን በራስዋ ኀይል ተሻግራ፥ በፓናማ ቦይ በኩል አልፋ፥ በመጋቢት 1970 ሳን ፍራንሲስኮ ገባች።