ረጅሟ ኤስ እና አባ ጎርጎርዮስ

ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት ስትሄዱ ገሳይን ታገኛላችሁ። እዚያም ሆነ አዲስ አበባ፣ ኢንተግሬሽን ሲጀመር የሚሆነው ያው ነው። መምህሩ ቀጭን ረጅም ምልክት ሰሌዳው ላይ ይስላል፣ «ሰብስቲትዩሽን» እና «ባይ ፓርትስ» ብሎ ሁለት ቀመር ይጽፋል፣ ተማሪው ይሸመድዳል። ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የፈረንጅ ነገር ነው፤ በቃ!

እስቲ ዛሬ እንጠይቅ።

ምልክቷ የተወለደችበት ቀን ይታወቃል። ኦክቶበር 29 ቀን 1675 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ውስጥ ላይብኒዝ የሚባል የ29 ዓመት ጀርመናዊ በግል ወረቀቱ ላይ ጻፋት። ረጅም «ኤስ» ናት፤ «ሱማ» የሚለው የላቲን ቃል መነሻ፣ ድምር ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይኸው ሰው ተሳሳተ። የብዜት ዲፈረንሺያል የዲፈረንሺያሎቹ ብዜት ነው ብሎ ጻፈ። ትንሽ ቆይቶ በምሳሌ ሲሞክረው አልሠራም፤ እዚያው ወረቀት ላይ ስህተቱን አመነ፣ ነገሩም ከባድ ነው አለ። ትክክለኛውን ደንብ በ1684 አሳተመው፦ አንደኛው በሁለተኛው ለውጥ ተባዝቶ፣ ሁለተኛው በአንደኛው ለውጥ ተባዝቶ፣ ሁለቱ ይደመራሉ።

ባይ ፓርትስ ይኸው ደንብ ወደ ኋላ ሲነበብ ነው። ኤክስ ሲባዛ በኮሳይን ኤክስ ተሰጣችሁ እንበል። ኮሳይንን ወደ ሳይን መልሱና ኤክስ ሲባዛ በሳይን ኤክስን ያዙ፤ ከዚያ የሳይንን ኢንተግራል ቀንሱ። መልሱ ኤክስ ሳይን ኤክስ ሲደመር ኮሳይን ኤክስ (ኮንስታንቷን አትርሱ)። ሰብስቲትዩሽንም እንዲሁ «ቼን ሩል» ወደ ኋላ ሲሄድ ነው፤ የከበደውን «ዩ» ትሉታላችሁ፣ ትሠራላችሁ፣ በመጨረሻ ወደ ኤክስ ትመለሳላችሁ።

አሁን ወደ እኛ ሰው። ላይብኒዝ ቋንቋም ይወድ ነበር፤ ስለ ቋንቋዎች ለዓመታት ከተጻጻፋቸው ሊቃውንት አንዱ ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። የሉዶልፍ መምህር ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ፣ የአምሐራው መካነ ሥላሴ ሰው። በ1649 ሮም ተገናኙ፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን ድረስ ሄዶ ግእዙን አቃናለት፣ አማርኛም አስተማረው። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከዚያ ትምህርት የመጣ ነው። መምህሩ ግን አላየውም፤ በ1658 መርከቡ ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀርቷል።

አትሳሳቱ፤ አባ ጎርጎርዮስ ካልኩለስ ፈጠረ እያልኩ አይደለም። «ሁሉም ከእኛ ነው የወጣው» የሚለው ተረት ከሽምደዳው አይሻልም። የምለው ይህን ነው፦ የምንሸመድደው ቀመር የአንድ ሰው ግራ መጋባት ነበር፤ ከዚያ ሰው እስከ እኛው መነኩሴ ደግሞ መሀል ላይ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። የገሳዩ ተማሪ ሰሌዳው ላይ ግራ ሲጋባ ያቺን የ1675 ወረቀት ያስባት። ላይብኒዝም እዚያው ነበር የቆመው።