የምርመራ ጊዜና የምርጫ ጊዜ፤ ስለ ፖሊስና ስለ ዐቃቤ ሕግ ገለልተኝነት አጭር የታሪክ ጥናት

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ስፍራ ዓሣ አስጋሪው ጀልባውን አስጠግቶ ያወጣውን ሲሸጥ፥ ገዢው በዙሪያው ቆሞ፥ አባ ኮዳውም ከጎን ሆኖ ይጠባበቃል። የዚህን ጽሑፍ አሳብ ያገኘነው እዚያው ተቀምጠን ስንከራከር ነው። ከመካከላችን አንዱ፥ ምርጫ ሲቃረብ ፖሊስ ተወዳዳሪዎችን መመርመሩን ማቆም አለበት አለ። ሌላው ደግሞ፥ ሕግ የምርጫ ቀን አይቆጥርም፤ የሰው ደም ፈስሶ ሳለ ፖሊስ ድምፅ እስኪቆጠር ይቆይ ማለት ወንጀለኛን መሸሸግ ነው ሲል መለሰ። በሁለቱም አሳብ ውስጥ እውነት አለ። ስለዚህ ነገሩን በክርክር ብቻ ከመጨረስ ይልቅ፥ በአገራችን የሆነውን ከታሪክ መመልከት ይሻላል ብለን ተነሣን።

በቀድሞው ዘመን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ፥ አንዱ «በሕግ አምላክ» ብሎ ሌላውን ባስቆመው ጊዜ፥ መንገደኛው እንኳ ዳኛ ሆኖ ይሰማቸው እንደ ነበር የታወቀ ነው። ይህ ልማድ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነበር፤ ይኸውም ሰሚው ከሁለቱ የአንዱ ወገን አይደለም የሚለው ነው። ይህ እምነት የጠፋ እንደ ሆነ ቃሉ ባዶ ድምፅ ይሆናል። የዛሬው መርማሪ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግም ሥራቸው የሚጸናው በዚሁ እምነት ነው።

ፖሊስ በዘመናዊ መልክ የተደራጀው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ሲሆን፥ የሚተዳደረውም በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ነበር። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ፥ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ለመጀመሪያ ጊዜ መረጠ። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ፥ ፖሊስ ለየትኛው ፓርቲ አደላ የሚለው ጥያቄ ሊነሣ አልቻለም። በ1979 ዓ.ም. የተደረገው የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫም በአንድ ፓርቲ አገዛዝ የተከናወነ ነበር። እንግዲህ ጥያቄው በእርግጥ የተወለደው፥ ብዙ ፓርቲዎች እንዲወዳደሩ በፈቀደው በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ዘመን ነው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ምሳሌያችን ከምርጫ ጋር በቀጥታ ባይያያዝም ለኋለኛው ነገር መቅድም ነው። በ1993 ዓ.ም. የገዢው ግንባር መሪዎች እርስ በርሳቸው በተከፋፈሉ ጊዜ፥ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩን ያዩት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ፖሊስ ግን ተጠርጣሪው ወዲያው ከፍርድ ቤት እንደ ወጡ መልሶ ያዛቸው፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግም በፍጥነት ወጣ። አቶ ስዬ የተፈቱት በ1999 ዓ.ም. ነው። ሙስናን መመርመር ተገቢ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን ምርመራው የተጀመረው ተጠርጣሪው ከመሪዎቹ በተለዩ ማግስት ስለ ሆነ፥ ዋስትናውም በአዲስ ሕግ ስለ ተዘጋ፥ ተመልካቹ ምክንያቱን ከወንጀሉ ይልቅ በጊዜው ውስጥ ፈለገ።

ሁለተኛው ምሳሌ የግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ነው። በውጤቱ ላይ በተነሣው ክርክር ምክንያት በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. የጸጥታ ኃይሎች በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ተኩስ ከፈቱ። የቅንጅት መሪዎች፥ ጋዜጠኞችና የሲቪክ ማኅበራት ሰዎች ታስረው በከባድ ወንጀል ተከሰሱ። በሌላ በኩል የግድያውን ነገር የሚያጣራ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢ የሆኑትም የዚህችው ከተማ ሰው፥ ማለት በሐዋሳ ያስችል የነበረው የደቡብ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት አቶ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ነበሩ። ከኮሚሽኑ አባላት 8ቱ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ሲሉ 2ቱ ተቃወሙ። ሰብሳቢውና ምክትላቸው አቶ ወልደ ሚካኤል መሸሻ ግፊት ደርሶብናል ብለው ከአገር ወጡ። በ1999 ዓ.ም. ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ቢያረጋግጥም፥ እርምጃው ከመጠን ያለፈ አልነበረም ሲል ደመደመ። ቁጥሩ አንድ፥ ፍርዱ ግን ሁለት ሆነ። ከዚህ የምንማረው፥ መርማሪው ቅን ሰው መሆኑ ብቻውን እንደማይበቃ ነው፤ ያገኘውን ሳይፈራ የሚናገርበት ዋስትና ከሌለው ገለልተኝነቱ በልቡ ብቻ ይቀራል።

የተከሰሱት የቅንጅት መሪዎች በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው ጥቂት ቀን ቆይተው በይቅርታ ተፈቱ። ከእነርሱ አንዷ ከዳኝነት ወደ ፖለቲካ የገቡት ወይዘሪት ብርቱካን ነበሩ። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ስለ ይቅርታው በተናገሩት ቃል ምክንያት ተይዘው የቀድሞው ፍርድ ጸናባቸው። የግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ምርጫ ሲደረግ፥ የአንድ ዋና ተቃዋሚ ፓርቲ ሊቀ መንበር በእስር ቤት ነበሩ፤ ገዢው ግንባርና አጋሮቹም ከ547ቱ መቀመጫ 545ቱን አገኙ። እርሳቸው የተለቀቁት ከምርጫው በኋላ፥ በመስከረም 2003 ዓ.ም. ነው። ቅደም ተከተሉ ራሱ ይናገራል።

አሁን ወደ ሐዋሳ እንመለስ። የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ክልል የመሆንን ጥያቄ ካቀረበ በኋላ፥ ሕዝበ ውሳኔው በሕገ መንግሥቱ መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ መደረግ ሲገባው ዘገየ። ቀነ ገደቡ በደረሰበት በሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በከተማውና በአካባቢው ሁከት ተነሥቶ ሰዎች ሞቱ፥ ንብረትም ጠፋ። የክልሉ ጸጥታ በፌዴራል ኮማንድ ፖስት ሥር ሆነ፤ ብዙ ሰዎችም ታሰሩ፥ ከነርሱም ውስጥ የመገናኛ ብዙኃን ሠራተኞች ነበሩ። ሕዝበ ውሳኔው የተደረገው ከአራት ወር በኋላ፥ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፥ የምርጫ ቦርዱን ይመሩ የነበሩት እኒያው ወይዘሪት ብርቱካን ነበሩ። ሻፌታው ክልል መሆንን፥ ጎጆው በነበረው መቆየትን አመለከተ፤ ከመቶ 98.51 የሚሆነው ድምፅም ለሻፌታው ተሰጠ።

በዚህ ላይ የአሞራ ገደሉ ክርክራችን በሙሉ ይገኛል። የሞቱት ሰዎች ቤተ ሰብ ምርመራው አንድ ቀን እንኳ እንዲዘገይ ሊጠየቅ አይገባም ነበር። የታሰረው ወጣት ወገን ደግሞ የተያዘው ስለ ሠራው ሥራ ነው ወይስ ስለሚሰጠው ድምፅ ብሎ መጠየቁ አያስነቅፈውም። ሁለቱን ሊያስታርቅ የሚችለው፥ በእያንዳንዱ ሰው ላይ የቀረበው ማስረጃ በፍርድ ቤት ፊት በፍጥነት መታየቱ ብቻ ነው። በጅምላ ተይዞ በጅምላ የተለቀቀ ሰው ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ሟቹም ፍትሕ ሳያገኝ ይቀራል።

በቀጣዩ ዓመት በፍርድ ቤት በኩል መልካም ምሳሌ ታየ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከት፥ የባልደራስ ፓርቲ መሪ አቶ እስክንድር ነጋና የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ ሰዎች ታሰሩ። ቦርዱ የታሰሩትን የባልደራስ ዕጩዎች ሳይመዘግብ በመቅረቱ ፓርቲው እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ተከራከረ፤ ችሎቱም በግንቦት 2013 ዓ.ም. እንዲመዘገቡ ወሰነ። ይህ ውሳኔ የፖሊስን ምርመራ አላቆመም፤ ምርመራው ግን የመራጩን ምርጫ አስቀድሞ እንዳይወስን አደረገ። ሆኖም ክሱ ምርጫው ከተፈጸመ በኋላ፥ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስለ ተቋረጠ፥ ማስረጃው ምን ያህል የጠነከረ እንደ ነበር በፍርድ ሳይለይ ቀረ።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በኤውሮጳ አቆጣጠር ጥቅምት 28 ቀን 2016፥ የፌዴራል ምርመራ ቢሮው ዋና ሹም ጄምስ ኮሚ ምርጫው 11 ቀን ሲቀረው ስለ ሂላሪ ክሊንተን ጉዳይ አዲስ ምርመራ መኖሩን ለኮንግረስ ጻፉ። በዚያ አገር ዐቃብያነ ሕግ ዘንድ በምርጫ ዋዜማ እንዲህ ካለው እርምጃ የመቆጠብ ያልተጻፈ ልማድ አለ። በ2018 የወጣው የውስጥ ቁጥጥር ሪፖርት ሹሙን ልማዱን በመጣሳቸው ነቀፋቸው፤ ሆኖም ውሳኔው ከፖለቲካ አድልዎ የመጣ መሆኑን አላገኘም። በብራዚልም የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሉላ በተፈረደባቸው ፍርድ ምክንያት ከ2018 ምርጫ ውጭ ሆኑ፤ የፈረዱት ዳኛ ሰርጂዮ ሞሮ ለአሸናፊው መንግሥት የፍትሕ ሚኒስትር ሆኑ፤ በ2021 ግን የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛው አድልተዋል ሲል ወሰነ። በአንደኛው አገር ሳያዳሉ የምርጫውን አየር መለወጥ እንደሚቻል፥ በሁለተኛው ደግሞ አድልዎ ቢታረምም ያለፈው ምርጫ እንደማይመለስ እናያለን።

ከዚህ ሁሉ የደረስንበት ድምዳሜ ይህ ነው። ፖሊስ በምርጫ ጊዜ ወንጀልን መመርመሩን ማቆም የለበትም። ነገር ግን ሦስት ነገሮች አስቀድመው በጽሑፍ ሊታወቁ ይገባል፤ አንደኛ፥ በተወዳዳሪ ላይ ምርመራ እንዲጀመር የሚያዝዘው ማን እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፥ ምርጫ ሲቃረብ ስለ ምርመራው ለሕዝብ የሚነገረውና የማይነገረው ምን እንደ ሆነ፤ ሦስተኛ፥ ከምርጫው በኋላ መርማሪውን ስለ ሥራው የሚጠይቀው ማን እንደ ሆነ። ደንቡ የሚጻፈውም ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ መሆን አለበት፤ አለዚያ ጸሐፊው ለራሱ ይጽፋል።

በአሞራ ገደል ዓሣ ገዢው ሚዛኑ በፊቱ ሲነሣ ዋጋው ቢከብደውም አያጉረመርምም። በጽሑፋችን ስሕተት ያገኘ አንባቢ እንዲያርመን፥ የተለየ አሳብ ያለውም በዚሁ መጽሔት እንዲመልስልን እንለምናለን።